«ለምዶታል» ከማለታችን በፊት፦ ከጭቱ ሐይቅና ከዳሎል የምንማረው

ቢስሚላህ። አልሐምዱሊላህ፤ ወሰላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

 

ከአፋችን በቀላሉ ከሚወጡ ቃላት አንዷ «ለምዶታል» የምትለው ናት። በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ የሚጠርበውን ወጣት አይተን «ለምዶታል» እንላለን። ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩትን የጥበቃ አባት «ምን ይሆናሉ፣ ለምደውታል» እንላለን። ከንጋት እስከ ምሽት ጎንበስ ቀና የምትለውን የቤት ሠራተኛም «እሷ ለምዳዋለች» ብለን እናልፋለን። ቃሏ አድናቆት ትመስላለች። ውስጧ ግን ፍርድ አለ፦ «ስለለመደው አይጎዳም፤ ስለማይጎዳም ማሰብ አያስፈልግም» የሚል።

ዛሬ ይህችን ቃል በአላህ ፍጥረታት እንመዝናት። በዓለም ላይ «ለምደውታል» ሊባልላቸው የሚገባ ፍጥረታት ካሉ፣ በሚፋጅ ውሃ፣ በአሲድና በጨው ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። ከእነሱ አስደናቂዎቹ ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ያሉበት ቦታ ከሐዋሳ ጠዋት ተነስቶ ለዙህር የሚመለሱበት ያህል ቅርብ ነው። እነሱን በደንብ ካወቅናቸው ስለ ሰውም የምንለው ነገር ይስተካከላል፣ ኢንሻአላህ።

1. «ጽንፍ» የሚባለው ለማን ነው?

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በጣም ሞቃት፣ በጣም ጨዋማ፣ በጣም አሲዳማ ወይም በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ የሚኖሩትን ፍጥረታት «ኤክስትሪሞፋይል» ይሏቸዋል። ጽንፍ የሆነ ሁኔታን የሚወዱ ማለት ነው። አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተህዋሲያን ናቸው።

ስሙን ግን ያወጣነው እኛ ነን። መለኪያውም የእኛ ሰውነት ነው። የሰው ልጅ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ይመቸዋል፤ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል ትኩሳት ብለን ሐኪም ቤት እንሮጣለን። በ70 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚራባ ተህዋሲ ግን እኛ የምንመችበት ሙቀት ለእርሱ ብርድ ነው፤ እድገቱ ይቆማል። እኛ ያለ እርሱ ደቂቃዎችን የማንቆይበት ኦክስጅን መርዝ የሚሆንባቸው ፍጥረታትም አሉ። እነሱ መናገር ቢችሉ ኖሮ «ጽንፍ» ብለው የሚጠሩት የእኛን ሰፈር በሆነ ነበር።

ይህን የመሰለ ሕይወት መኖሩ በደንብ የታወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቶማስ ብሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በየሎስቶን ፓርክ ፍል ውሃዎች ውስጥ በ70 ዲግሪ አካባቢ ተመችቶት የሚያድግ ባክቴሪያ አገኘ። ስሙም ቴርመስ አኳቲከስ ተባለ። በጊዜው ብዙ ሰው ከጉጉት ያለፈ ጥቅም አላየበትም። ኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ካሪ ሙሊስ ፒሲአር የሚባለውን ዲኤንኤ የማባዛት ዘዴ አሰበ። ዘዴው ዲኤንኤውን ደጋግሞ ወደ 95 ዲግሪ ማሞቅ ይጠይቃል። ተራው ኢንዛይም በእያንዳንዱ ዙር በሙቀቱ እየተበላሸ አስቸገረ። መፍትሔው ከዚያ የፍል ውሃ ባክቴሪያ የተገኘው ኢንዛይም ሆነ። ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራው ነው። በኮሮና ጊዜ ከአፍንጫችን ናሙና ተወስዶ «ኔጌቲቭ» ወይም «ፖዘቲቭ» የተባልንበት ምርመራም የዚያ ዘዴ ልጅ ነው። አላህ በፈላ ውሃ ውስጥ ያኖረውን፣ ማንም የማያየውን ፍጥረት ለሚሊዮኖች ሰበብ አደረገው። ሱብሓነላህ!

2. የእኛው ጎረቤት፦ ሻላና ጭቱ

ከሐዋሳ በሻሸመኔ አድርገን ወደ ሰሜን ስንሄድ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሻላን ሐይቅ እናገኛለን። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚስተካከለው የለም። ከሻላ አጠገብ በደቡብ በኩል ደግሞ ጭቱ የምትባል፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛች ትንሽ ሐይቅ አለች። የሁለቱም ውሃ ሶዳ ነው። አይጠጣም፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል።

የውሃን አሲድነትና ሶዳነት የምንለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ነው። ሎሚ 2 አካባቢ ነው። ከ7 በላይ ሲሆን ወደ ሶዳነት ይሄዳል። የጭቱ ውሃ 10 አካባቢ ነው፤ ልብስ ከምናጥብበት የኦሞ ውሃ ጋር ይቀራረባል። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ሲል ለውጡ 10 እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ከ7 እስከ 10 ያለው ልዩነት 3 ሳይሆን 1000 እጥፍ ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ወንዝና ፍል ውሃ የእሳተ ገሞራውን አለት እያጠቡ ማዕድን ይዘው ይገባሉ። ሐይቁ መውጫ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ማዕድኑን ግን ትታው ትሄዳለች። ይህ ለሺህ ዘመናት ሲደጋገም ውሃው ሶዳ ይሆናል። የእኛው የሐዋሳ ሐይቅም በላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም። ሆኖም ውሃው ያን ያህል አልከረረም፤ በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የምንበላውም ለዚህ ነው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ውሃው ከመሬት በታች ቀስ እያለ ስለሚሰርግ ማዕድኑንም ይዞት ይወጣል ይላሉ። ሁለት ጎረቤት ሐይቆች በአንዲት በማትታይ መውጫ ምክንያት አንዱ የዓሣ ገበታ፣ ሌላው የሶዳ ገበታ ሆኑ።

ታዲያ ጭቱ «የሞተ ውሃ» ነውን? በፍጹም። ውሃው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ያደረገው አርትሮስፒራ የተባለ ጠምዛዛ ረቂቅ ተህዋሲ ነው፤ በገበያ ስሙ ስፒሩሊና ይባላል። ይህ ፍጥረት ሶዳውን ወዶት፣ ተፎካካሪ በሌለበት፣ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ምግቡን እያዘጋጀ ይራባል። በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያሉ የካነም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዘመዱን ከውሃ እያጠለሉና እያደረቁ ይመገቡታል። በጭቱ ደግሞ የሚመገበው ሮዝማው ፍላሚንጎ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ምንቃሩን ገልብጦ፣ ውሃውን እያጣራ ይውላል። ያ የሚያምር የላባ ቀለሙም የመጣው ከሚበላው ነገር ውስጥ ካለ ማቅለሚያ ነው። ሪዝቅ «አይሆንም» በተባለበት ቦታ እንዴት እንደሚዘረጋ ማየት የፈለገ የጭቱን ዳርቻ ይጎብኝ።

የአገራችን ምሁራንም በእነዚህ ሐይቆች ላይ ዝም አላሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር አማረ ገሰሰ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሶዳ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚገኙ ኢንዛይሞችን አጥንተዋል። እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች በሳሙና ውሃ ውስጥ ስለማይበላሹ ለልብስ ማጠቢያና ለቆዳ ሥራ ይፈለጋሉ። «ጠፍ» ብለን የምናልፈው ቦታ ብዙ ጊዜ እኛ ያላነበብነው መጽሐፍ ነው።

3. እንዴት ይኖራሉ? ያለ ዋጋ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንቅረብ። እነዚህ ፍጥረታት የማይጎዱ ስለሆኑ ነው የሚኖሩት? ወይስ ጉዳቱን የሚከላከሉበት ነገር ተሰጥቷቸው፣ በእርሱም ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ?

ጨውን እንይ። ቋንጣ የምንሠራው ለምንድን ነው? ጨው ከሥጋውም፣ ሥጋውን ሊያበላሹ ከሚመጡ ተህዋሲያን አካልም ውሃን ስለሚስብ ነው። ውሃው የተሳበበት ተህዋሲ ደርቆ ይሞታል ወይም ሥራ ያቆማል። ጨው ወዳዶቹ ተህዋሲያን ግን ውጭ ያለውን ጨው ለመመከት ውስጣቸውን በፖታሲየም ይሞላሉ፤ በውስጥና በውጭ ያለው ይመጣጠናል። ፕሮቲኖቻቸውም በዚያ ጨው ውስጥ ብቻ ቅርጻቸውን ይዘው እንዲቆሙ ሆነው ተሠርተዋል። ስለዚህ አንዱን አዝነንለት «ይህ ምስኪን ከጨው ይገላገል» ብለን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብንጨምረው፣ ውሃው ወደ ውስጡ ገብቶ ያፈነዳዋል። ለእኛ ምሕረት የመሰለን ለእርሱ ሞት ነው።

በሶዳና በአሲድ ውስጥ ያሉትም እንዲሁ ናቸው። ውጩ እንደ ኦሞ ውሃ ወይም እንደ ሎሚ ቢሆንም የሕዋሳቸው ውስጥ ግን ከመካከለኛው ብዙ አይርቅም። ለምን? በሽፋናቸው ላይ እንደ ፓምፕ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ሌት ተቀን የማይፈለገውን እያስወጡ፣ የሚፈለገውን እያስገቡ ስለሆነ ነው። በሐይቃችን ላይ ውሃ በሚያስገባ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅን አስቡት። በአንድ እጁ ይቀዝፋል፤ በሌላው በጣሳ ውሃ እየጨለፈ ያፈሳል። ከሩቅ ለሚያየው ታንኳዋ «ተንሳፋለች»። ቀርቦ የሚያየው ግን የምትንሳፈፈው በድካም መሆኑን ያውቃል። መጨለፉን ካቆመ ትሰጥማለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ መልመድ ማለት አለመጎዳት አይደለም። መልመድ ማለት በየሰዓቱ ዋጋ እየከፈሉ መቆም ነው። ዋጋው የሚከፈልበት ጉልበት፣ ምግብና ሥርዓት እስካለ ድረስ ሕይወቱ ያምራል። እርሱ ሲጎድል ግን «የለመደው» ከማንም ፈጥኖ ሊወድቅ ይችላል።

4. ዳሎል፦ ሕይወት ከወሰኑ የደረሰበት

ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ አፋር እንሂድ። በደናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ዳሎል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መረጃ የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ይጠቀሳል። አማካይ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሌሊቱም ቀኑም፣ በጋውም ክረምቱም ተደምሮ ነው።

ቢጫ፣ አረንጓዴና ብርቱካንማ የሆኑት ኩሬዎቹ በፎቶ አበባ ይመስላሉ። ቀለሙ የድኝና የብረት ነው። የአንዳንዶቹ ፒኤች ከ0 በታች ይወርዳል፤ ከሎሚ ከ100 ጊዜ በላይ አሲድ ናቸው ማለት ነው። ጨዉ ከባሕር ውሃ ወደ 10 እጥፍ ይደርሳል፤ ያልፋልም። ከሥር የሚፈልቀው ውሃ ሙቀት 100 ዲግሪን ያልፋል።

እዚያ ሕይወት አለ? እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የተለያዩ መልሶች ወጡ። በዓመቱ አጋማሽ አካባቢ ፌሊፔ ጎሜዝ የተባሉ የስፔን ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከዳሎል በወሰዱት ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተህዋሲያን ምልክት አገኘን አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በፈረንሳይ የሚሠሩት ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያና ቡድናቸው ከብዙ ቦታዎች የሰበሰቡትን ናሙና በተለያዩ ዘዴዎች መርምረው ሌላ ውጤት አወጡ። በዳሎል ዙሪያ ባሉ የጨው ሜዳዎችና በአሳሌ ሐይቅ ውስጥ አርኬያ የተባሉ ረቂቅ ተህዋሲያን በሚያስደንቅ ብዛትና ዓይነት አሉ። እጅግ አሲድና እጅግ ጨው በአንድነት በተገናኙባቸው በዳሎል ኩሬዎችና ማግኒዢየም በበዛባቸው ጥቁርና ቢጫ ሐይቆች ውስጥ ግን የሚኖር ነገር አላገኘንም አሉ። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉ ጥቃቅን ክቦች የማዕድን ቅንጣቶች ሊሆኑ እንደሚችሉም አሳዩ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ አንዳንዱ «ሕይወት ተገኘ» ሲባል በአንድ ፖስት፣ «አልተገኘም» ሲባል በሌላ ፖስት የኢማን ማስረጃ ሊያደርገው ይሮጣል። ቁርኣን ሕያው ነገር ሁሉ ከውሃ መሆኑን አስተምሮናል። ይህ ግን ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ ከእናት ተወለደ ማለት ሴት ሁሉ ወልዳለች ማለት እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው። አንዱን በሌላው አንተካ። ወሬ ሲመጣም ማጣራት ዲናችን ያዘዘን ነው።

ለምን እዚያ ሕይወት አቃተው? ሁለት ምክንያት ይጠቀሳል። አንደኛው፦ ውሃው አለ፤ ጨዉ ግን ይዞታል። ማርን አስቡ። ማር ውስጥ ውሃ አለ፤ ነገር ግን ስኳሩ አጥብቆ ስለያዘው ተህዋሲያን ሊጠጡት አይችሉም፤ ስለዚህ ማር አይበላሽም። ማግኒዢየም የበዛበት ውሃም ለሕዋስ እንደዚሁ ነው፤ ከዚያም አልፎ የፕሮቲንን ቅርጽ ያፈርሳል። ሁለተኛው፦ ለአንዱ ጽንፍ የሚበጀው መከላከያ ለሌላው አይበጅም። አሲድን ብቻ የሚችሉ አሉ። ጨውን ብቻ የሚችሉ አሉ። ሙቀትን ብቻ የሚችሉም አሉ፤ እስከ 122 ዲግሪ ድረስ በባሕር ወለል ግፊት ውስጥ የሚራባ ተህዋሲ ታውቋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመጡ ግን የመከላከያው ወጪ ከገቢው ይበልጣል፤ ሱቁ ይዘጋል።

ሁለተኛው ትምህርት፦ አላህ ለሁሉ ነገር ልክ አድርጎለታል። ከሁሉ ብርቱ የሆነው ፍጥረትም ልክ አለው። አንድን ችግር የቻለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲጨምሩበት «ያንን ችሎ የለ፣ ይህንንም ይችላል» አይባልም። ሙቀቱን የቻለው አሲዱ ሲጨመርበት ሊሞት ይችላል።

5. አብጃታ፦ የለመደው ሲሰበር

ከዳሎል ተመልሰን ሌላኛውን ጎረቤታችንን፣ ከሻላ አጠገብ ያለውን አብጃታን እንይ። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። አብጃታ እንደ ሻላ ጥልቅ አይደለም፤ ውሃውም ድሮም ሶዳማ ነበር። ቢሆንም ቆሮሶ ይኖርበት ነበር። ቆሮሶ ሶዳውን ለምዶት ነበር። በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ሻላ ብዙ ዓሣ ስለሌለው በየቀኑ ወደ አብጃታ እየበረሩ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ያመጡ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ፣ ሌላው ጓዳ ሆኖ ሥርዓቱ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ለመስኖና ለሌላም ሥራ እየተጠለፈ መጠኑ ቀነሰ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ይሳብ ጀመር። በዙሪያው ያለው የግራር ደን ለከሰል ተቆረጠ። ሐይቁ ሸሸ፤ ሰፊው ዳርቻ ነጭ የሶዳ ሜዳ ሆነ። ውሃው ሲያንስ ሶዳው ከረረ። ቆሮሶው ጠፋ። ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው።

በአንድ ቀን የሞተ ነገር የለም። እያንዳንዱ ተጠቃሚ «ትንሽ ውሃ ነው» ብሎ ነው የወሰደው። ሐይቁም «የለመደ» ነበር፤ ድርቅ ሲመጣ ይሸሻል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ሰው ይህን መመለሱን አይቶ ሁልጊዜ የሚመለስ መሰለው። ሦስተኛው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ጊዜ የምንጎዳው ደካማውን አይደለም፤ ለደካማውማ እንጠነቀቃለን። የምንጎዳው ቻይውን ነው፤ ቻይ ስለሆነ አይታየንም።

6. ወደ ሰው እንመለስ

ዳሎል አጠገብ፣ በጨው ሜዳው ላይ ጨው ቆራጮች አሉ። በዚያ ሙቀት ጨዉን በመጥረቢያ እየሰነጠቁ፣ በብሎኬት መልክ እየጠረቡ በግመል ይጭናሉ። ድሮ አሞሌ ተብሎ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለገለው ጨው ነው። ወጣችን የሚጣፍጠው በእንዲህ ዓይነት ላብ ነው። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳና «እንዴት ለመዱት!» ይላል። የእነሱም ሰውነት ግን 37 ዲግሪ ነው። ኩላሊታቸው ውሃ ይፈልጋል፤ ዓይናቸው ከጨዉ ነጸብራቅ ይቃጠላል። ልምድ የሰጣቸው በስንት ሰዓት መነሳት፣ መቼ ማረፍ፣ ምን ያህል መጠጣት እንዳለባቸው የማወቅ ጥበብን ነው። ሌላ ሰውነት አልሰጣቸውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በእንስሳ ላይ እንኳ አስተምረውናል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ወደ አንድ አንሷሪ አጸድ ሲገቡ አንድ ግመል አዩ። ግመሉ ባያቸው ጊዜ እያቃሰተ ዓይኑ አነባ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው ዳበሱት፤ ዝም አለ። የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ አንድ ወጣት የእኔ ነው አለ። አላህ በእጁ ስላደረገው እንስሳ አላህን እንዲፈራ አሳሰቡት፤ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ግመሉ ከሷልና።

አስተውሉ፤ ከሳሹ ግመል ነው! በዓለም ላይ «ለምዶታል» ቢባል የሚያምርበት እንስሳ ቢኖር ግመል ነው። ጥምን ይችላል፣ ጭነትን ይችላል፣ አሸዋን ይችላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለባለቤቱ «ግመል አይደል፣ ይችላል» አላሉለትም። የሚችለው ፍጥረት እንባም አይተዋል፤ ባለቤቱንም ጠይቀዋል።

ሸሪዓችንም በዚሁ ልክ የተሠራ ነው። ለመንገደኛና ለታማሚ ጾም ማፍጠር፣ ውሃ ለሚጎዳው ተየሙም፣ መቆም ላቃተው ቁጭ ብሎ መስገድ፤ እነዚህ ሩኽሳዎች የሰው ልጅ ልክ እንዳለው የፈጠረው ጌታ ያወቀለት መሆኑን ይናገራሉ። በጉዞ ላይ ራሱ የቆሰለን ሰው ጓደኞቹ ሩኽሳ የለህም ብለው አስታጥበውት በመሞቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጅግ መቆጣታቸውም ተዘግቧል። የሰውን ልክ ሳይጠይቁ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ብርቱ መሆን ተቅዋ አይደለም።

«ታዲያ ሰብርስ?» ትሉ ይሆናል። ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው። ሰብር ግን አለመታመም አይደለም። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) የሰብር ምሳሌ ናቸው፤ እሳቸውም ጉዳታቸውን ለጌታቸው ነግረው እዝነቱን ለምነዋል። ሰብር የተጎጂው ዒባዳ ነው። የተመልካቹ ዒባዳ ደግሞ ማገዝ ነው። ተጎጂው ሰብር ስላደረገ ተመልካቹ ከኃላፊነቱ ነፃ አይወጣም። «ሰብር አድርጊ እህቴ» ብለን ቅርጫቷን ሳናግዛት ብናልፍ፣ የራሳችንን ዕዳ በእሷ ዒባዳ መክፈላችን ነው።

7. የዚህ ሳምንት ተግባር

ሦስት ነገር እንያዝ፣ ኢንሻአላህ።

አንደኛ፦ በዙሪያችን «ለምዶታል» የምንለውን አንድ ሰው እንምረጥ። እናት ልትሆን ትችላለች፤ ጥበቃው፣ ሠራተኛዋ፣ ሁሉን የሚሸከመው የቤቱ ታላቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። «ምን ከበደህ? ምን ልቀንስልሽ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ከሰማን በኋላ ከሸክሙ አንዱን እናንሳ። ሁሉንም ማንሳት ባንችል፣ ሦስቱ ጽንፍ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙበት እናድርግ።

ሁለተኛ፦ ስናግዝ በእነሱ ልክ እንጂ በእኛ ልክ አናግዝ። ጨው ወዳዱን ተህዋሲ ንጹሕ ውሃ እንደሚያፈነዳው ሁሉ፣ ሳይጠይቁ የሚደረግ ውለታም ሰውን ሊሰብር ይችላል። አስቀድመን እንጠይቅ፤ ክብሩን እንጠብቅ።

ሦስተኛ፦ ሐይቃችን አማና ነው። ሐዋሳ ሐይቅ እስካሁን ችሏል። የከተማው ፍሳሽ፣ ፕላስቲኩ፣ ከተራራው የሚታጠበው ደለል ሁሉ ወደ እርሱ ይወርዳል። አብጃታም ችሎ ነበር። ዳርቻው ላይ ሻይ ጠጥተን ስንነሳ ቆሻሻችንን ይዘን እንነሳ፤ ልጆቻችንንም እናስተምር። «ሐይቁ ለምዶታል» አንበል።

ያ አላህ! ደካማውን የምናይበት ዓይን፣ ብርቱውንም የምናይበት ዓይን ስጠን። ሸክም የከበደባቸውን አግዛቸው፤ እኛንም የእገዛህ ሰበብ አድርገን። በእጃችን ያኖርከውን ምድር፣ ውሃና ፍጥረት በልኩ የምንይዝ አድርገን። አሚን!

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ። 

ወላሁ አዕለም።